ብርዱን በርካሽ ወይን፦ በካልሲ፣ በሻይና በደብተር የተማርኩት

የዛሬ ሶስት አመት ብርዱ ሲገባ ለራሴ ስጦታ ብዬ ከአቅሜ በላይ የሆነ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ገዛሁ። የመረጥኩበትን ምክንያት እንዳትስቁብኝ፣ ጠርሙሱ ከባድ ነበር፣ ሌብሉ ላይ ደሞ ቤተ መንግስት የመሰለ ነገር ተስሏል፣ በቃ ሌላ ምንም የለም። ቤት ወስጄ ከሂተሩ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አቆምኩትና ሳምንቱን ሙሉ እያየሁት ሰነበትኩ። ቅዳሜ ማታ እህቴ መጣች፣ ተከፈተ፣ ተቀዳ። ታላቄ ናት፣ የመጣላትን ነው ምትናገረው። አንዴ ጎንጨት አለችና "አንቺ፣ ይሄ የሳል ሽሮፕ ነው እንዴ?" አለችኝ። ልከራከራት ፈልጌ ነበር ግን እውነቷን ነው፣ አልኮሉ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ጣዕሙ ድፍን ያለ ነው፣ ከዋጡት በኋላ ጉሮሮ ላይ ማቃጠል ብቻ ነው ሚቀረው። ግማሹንም ሳንጨርስ ቡሹን መልሰን ፍሪጅ በር ላይ ከወተቱ ጎን ወተፍነው።

በማግስቱ ልደፋው ስል እስቲ አንዴ ብዬ ቀመስኩት። ሌላ ወይን ነው! ቼሪ ቼሪ ይላል፣ ማቃጠሉ የለም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎች ስለ ወይን ሲያወሩ ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ወይኑን ያበላሸሁት እኔው ነኝ፣ ሳምንት ሙሉ ሂተር ላይ ቀቅዬው።

"ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ነው ሚጠጣው" ሚሉት ነገር የመጣው ቤቶች እንደዛሬው ሳይሞቁ በፊት ነው፣ ያኔ ክፍል ማለት 16፣ 17 ዲግሪ ነበር። አሁን በብርድ ወቅት በርና መስኮት ዘግተን ሂተር ለኩሰን 23 ዲግሪ ውስጥ ነው ምንቀመጠው፣ በዛ ሙቀት አልኮሉ ቶሎ ይተንና የፍሬውን ሽታ ይሸፍነዋል። ወፍራም ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ፣ ቀለል ያለ ቀይ ከ12 እስከ 14፣ ነጭ ከ8 እስከ 12፣ አረፋ ያለው ከ6 እስከ 8 አካባቢ ነው ሚያምርበት። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ቀዩን ከመክፈታችሁ 20 ደቂቃ በፊት ፍሪጅ አስገቡት፣ ነጩን ደሞ ከመጠጣታችሁ 15፣ 20 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ አውጡት። ነጭ ወይን በጣም ሲቀዘቅዝ ሽታው ይጠፋል፣ ለዛም ነው መጥፎ ነጭ ወይን ሁሌ በረዶ አድርገው ሚያቀርቡላችሁ (ይሄን ካወቅኩ ወዲህ በጣም የቀዘቀዘ ነጭ ሲሰጡኝ መጠርጠር ጀምሬያለሁ)።

ከዛ በኋላ ያደረግኩት ነገር ነው እንግዲህ ልነግራችሁ የፈለግኩት። ለአንድ ውድ ጠርሙስ ማወጣውን ብር ለሁለት ለሶስት ርካሽ ጠርሙስ አካፈልኩትና ብርዱ እስኪወጣ በሳምንት አንዴ ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን መቅመስ ጀመርን፣ እኔና እህቴ፣ አንዳንዴ አንድ ሁለት ጓደኛ ይጨመራል። አንድ ወይን ብቻውን ስትጠጡ "አሪፍ ነው" ወይ "አይመችም" ከማለት ውጪ ምንም ማለት አይቻልም፣ ቢያንስ እኔ አልችልም። የደብተሬ የመጀመሪያ ገፅ ላይ ያለው "ቀይ። ይጎመዝዛል።" ነው፣ ቃል በቃል። ሁለት ሲሆኑ ግን ምላስ ራሱ ማወዳደር ይጀምራል፣ ይሄኛው ይኮመጥጣል፣ ያኛው አፍ ይይዛል፣ ይሄ ቶሎ ይጠፋል፣ ያ ይቆያል። ለዚህ ደሞ ውድ ወይን አያስፈልግም፣ እንደውም ርካሹ ይሻላል፣ ብትሳሳቱ አያንገበግብም።

ግን ወይን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ምሽት በሻይ ጀምሩ። ቀልዴን አይደለም። ጥቁር ሻይ ቅጠል አብዝታችሁ 10 ደቂቃ ያህል ዝፍዝፍ አድርጉትና ያለ ስኳር ቅመሱት። ድድና ምላስ ላይ የሚመጣው ያ ድርቅ የሚያደርግ፣ ቆዳ የሚሰበስብ ስሜት ታኒን ነው። ወይን ውስጥ ከፍሬው ቆዳ፣ ከዘሩ፣ ከእንጨት በርሜልም ይመጣል፣ ቀይ ወይን ከነቆዳው ስለሚቦካ ነው ከነጩ የበለጠ ሚይዘው። ቀጥሎ ውሃ ላይ ሎሚ ጨምቃችሁ ጠጡና አፋችሁ ውስጥ በጎንና በጎን ምራቅ ሲሞላ ጠብቁት፣ እሱ አሲድ ነው። ታኒን ያደርቃል፣ አሲድ ምራቅ ያመጣል፣ እኔ እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ "ይጎመዝዛል" ስል ነበር የኖርኩት። ከዛ የሎሚውን ውሃ ስኳር ጨምሩበትና ድጋሚ ቅመሱ። አሲዱ አልተቀነሰም ግን የቀነሰ ይመስላል። ጣፋጭ ወይን ሰልቸት ሳይል ሚጠጣው አሲዱ ስኳሩን ሲይዝለት ነው፣ አሲድ ከሌለው ሽሮፕ ይሆናል።

አንድ ሌላ የተማርኩት ነገር፣ ፍሬ ፍሬ ማለትና መጣፈጥ አንድ አይደሉም። የበሰለ እንጆሪ የሚሸት ወይን ምንም ስኳር ላይኖረው ይችላል። አፍንጫችሁን ይዛችሁ ቅመሱት፣ ስኳር ካለው ምላስ ላይ ይታወቃል። ጠርሙሱ ላይም ፍንጭ አለ፣ አልኮሉ 8 ወይ 9 ፐርሰንት የሆነ የጀርመን ሪዝሊንግ (ነጭ ወይን ነው) ብዙ ጊዜ ጣፈጥ ያለ ነው፣ እርሾው ስኳሩን ሁሉ ወደ አልኮል ሳይቀይር ቆሟላ። 12 ፐርሰንት ምናምን ከሆነና "ትሮከን" ሚል ቃል ካለበት ድራይ ነው፣ ጣፋጭ አይደለም ማለት ነው።

ስለ አፍንጫ ካነሳሁ አይቀር። የመጀመሪያው አመት መሃል ላይ ጉንፋን ያዘኝ፣ እኔ ግን ፕሮግራም አላጓድልም ብዬ ሁለት ሳምንት ቀመስኩ። ደብተሬ ላይ ያኔ የፃፍኩትን ብታዩ፣ "ውሃ"፣ "ምንም"፣ "አረፋ ያለው ምንም"። ከወር በኋላ አንዱን ድጋሚ ገዛሁት፣ አረንጓዴ ፖም፣ የተጠበሰ ዳቦ፣ ሁሉም ነገር ነበረው። ጣዕም የምንለው አብዛኛው ሽታ ነው፣ ከአፍ በኋላ በኩል ወደ አፍንጫ ወጥቶ ነው ሚታወቀን። ካላመናችሁኝ አፍንጫችሁን ጥፍንግ አድርጋችሁ ይዛችሁ የፍራፍሬ ከረሜላ ምጠጡ፣ ጣፋጭ ከመሆኑ በቀር ምን እንደሆነ አታውቁትም፣ ስትለቁት ነው ብርቱካኑ ድንገት ሚመጣው። እና ጉንፋን ሲይዛችሁ ወይኑን ተዉት፣ ብራችሁንም ቆጥቡ። መድሃኒት እየወሰዳችሁ ከሆነ ደሞ ጭራሽ።

ሽታ ለመለማመድ የሰራሁት ነገር ምንም ወጪ የለውም። ስኒዎች ውስጥ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቫኒላ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ቡና አድርጌ በፎይል ሸፈንኳቸው፣ ፎይሉን በሹካ በሳሳሁና እህቴ እያቀያየረች አይኔን ጨፍኜ እንዳሸት ሰጠችኝ። እድሜ ልኬን ማውቀውን ቅርንፉድ ቀረፋ አልኩት። ቫኒላውን "ኬክ" አልኩ፣ ስም የለኝም ማለት ነው፣ ቦታ ብቻ ነው ማስታውሰው። ለካ ወይን ላይም ሚቸግረኝ አፍንጫዬ ሳይሆን ቃል ነው። በሶስተኛው ሳምንት ስድስቱንም ለየኋቸው። ከዛ እነዚህ ሽታዎች ወይን ውስጥ ለምን እንዳሉ ሳነብ በጣም ነው ያስደሰተኝ፣ ቫኒላውና ቅርንፉዱ የሚመጡት ከኦክ በርሜሉ ነው፣ ቁንዶ በርበሬው ደሞ ሲራ በተባለው ዝርያ ላይ ሮተንዶን ከሚባል ነገር ነው፣ ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ራሱ ያለው ያው ነገር ነው፣ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2008 ነው ያሳወቁት። ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ደሞ ጭራሽ አይሸተውም። እህቴ ከነዛ ውስጥ ሳትሆን አትቀርም፣ ሲራ በከፈትን ቁጥር "የት ነው ያለው ቁንዶ በርበሬሽ?" እያለች ትቀልድብኛለች።

ከጥንዶቹ ሁሉ ያልረሳሁት ማልቤክ ነው። አንዱ ከፈረንሳይ ካኦር፣ አንዱ ከአርጀንቲና ሜንዶዛ። ዝርያው አንድ ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው ከፈረንሳይ ወደ አርጀንቲና የተሻገረው። ሁለቱንም አንድ አይነት ብርጭቆ ላይ ሶስት ሶስት ጣት ቀዳን። የሜንዶዛው ገና ሳይጠጋ ይሸታል፣ ፕለም፣ ማርማላታ፣ አፍ ውስጥ ለስላሳ ነው። የካኦሩ መጀመሪያ ዝም ነው ያለው፣ ከዛ ሲቀመስ ድድ ጭምድድ አደረገ፣ አሲዱ ጎልቶ ወጣ፣ ሽታው አፈር አፈር ነገር። እህቴ በፍጥነት የሜንዶዛውን መረጠች። እኔ የካኦሩን እንዳልወደድኩት ፅፌ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ሄድኩ፣ ከአንድ ሰአት በኋላ ተመልሼ ስቀምሰው ተከፍቷል፣ ያ ድርቀት ለስልሶ ብላክቤሪ የመሰለ ነገር መጥቷል። አየር ያገኘ ወይን ይለወጣል ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ በአፌ ሳገኘው ግን ሌላ ነው።

ጥንድ መምረጥ ለሚቸገር፦ ሶቪኞ ብላን ከፈረንሳይ ሎዋር እና ከኒው ዚላንድ ማርልቦሮ፣ ሲራ ከፈረንሳይ ሮን ሸለቆ እና ሺራዝ ከአውስትራሊያ (ስሙ ተቀየረ እንጂ ያው ነው)፣ በርሜል ያየ (በኦክ በርሜል የቆየ) ሻርዶኔና ያላየ ሻርዶኔ። የመጨረሻው በርሜል ማለት ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሽት ይነግራችኋል።

አሁን ስለ ርካሽነት። ርካሽ ወይን ሁሉ አሪፍ ነው እያልኩ አይደለም፣ ብዙው ስኳር የተረፈበት ጭማቂ ነው። ግን ወይን ከሚወደድበት ምክንያት ብዙው ጣዕሙ ጋር አይገናኝም፣ የመሬቱ ዋጋ አለ፣ የስሙ ዝና አለ፣ አዲስ በርሜል አለ፣ ከባድ ጠርሙስ አለ (ቤተ መንግስቱን አትርሱ)። ስለዚህ ስራው ያው ሆኖ ስሙ ያልገነነውን መፈለግ ነው። ሻምፓኝ አረፋውን የሚያገኘው ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ በመቦካት ነው፣ የስፔኑ ካቫና የፈረንሳዩ ክሬማን በዛው ዘዴ ነው ሚሰሩት፣ ከሞተው እርሾ ጋር ቢያንስ 9 ወር ይቆያሉ፣ ሻምፓኝ ጠርሙስ ከገባ እስከ ሽያጩ ቢያንስ 15 ወር ነው። ልዩነት የለውም አልልም፣ የዋጋውን ያህል ግን አይደለም። የስፔን ቀይ ሪዮሃ ላይ "ክሪያንሳ" ሚል ካያችሁ ወይኑ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ ሁለት አመት አርፏል፣ ከዛ ውስጥ አንዱን አመት በበርሜል፣ ማለት እናንተ ሳትጠብቁ ሌላ ሰው ጠብቆላችኋል። ፖርቹጋል ደሞ ለኔ የብርድ ወራት ቁጥር አንድ ናት፣ ከ250 በላይ የራሷ ዝርያ አላት፣ ስማቸውን ማንም አይጠራውም፣ ስለዚህ አይወደዱም። የቺሊን ካርሜኔርም ሞክሩ፣ እዛ አገር ለብዙ አመት ሜርሎ ነው እየተባለ ሲተከል ሲሸጥ የኖረ ወይን ነው፣ በፈረንጆቹ 1994 አንድ ፈረንሳዊ የወይን ተክል ባለሙያ ቅጠሉን አይቶ ነው ይሄ እኮ ሜርሎ አይደለም ያለው።

ይሄን ሁሉ ካወቅኩም በኋላ ሌብሉ ያታልለኝ ስለነበር ካልሲ ጀመርን። ጠርሙሶቹን ካልሲ አልብሳችሁ (ታጥቦ ይሁን እባካችሁ) ቁጥር ትለጥፋላችሁ፣ ካለበሳቸው ሰው ውጪ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም። በፈረንጆቹ 2001 በወጣ ጥናት ቦርዶ ውስጥ ለ54 የወይን ተማሪዎች ነጭ ወይን ጣዕም በሌለው ቀለም ቀይ አድርገው ሰጧቸው፣ ተማሪዎቹም የቀይ ወይን ሽታ እየዘረዘሩ ፃፉ። ተማሪዎቹ እንደዚህ ከሆኑ እኔ ማነኝ። አንድ ምሽት አራት ካልሲ ደረደርን፣ አንዱ ያ ቤተ መንግስት ያለበት ወይን ነው፣ አዲስ ጠርሙስ፣ በስርአቱ የቀዘቀዘ። ሶስተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው የካርቶን ወይን ነው፣ ያ ባለ ቧንቧው። እህቴ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። የካርቶን ወይን ደሞ ለብቸኛ ሰው በጣም ነው ሚመቸው፣ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ወይኑ በቀነሰ ቁጥር ስለሚኮማተር አየር አይገባም፣ ሳምንታት ይቆያል፣ አንድ ብርጭቆ ቀድቶ መዝጋት ነው።

የፈላ ወይን ላይ የሰራሁት ስህተት ደሞ አለ። ብርድ ሲሆን ሁሉም ሰው ቀረፋና ቅርንፉድ ያለበት ትኩስ ወይን ያምረዋል፣ እኔም ድስት ሙሉ ጥጄ ስልክ እያወራሁ ረሳሁት። ተንፈቅፍቆ ሲፈላ ደረስኩ። አልኮል በ78 ዲግሪ ነው ሚፈላው፣ ሽታውም አብሮት ይሄዳል፣ የቀረው መራራ የቅርንፉድ ውሃ ነበር። አሁን መጀመሪያ ስኳሩንና ቅመሙን በትንሽ ውሃ አፈላውና ሽሮፕ ሲሆን ወይኑን ጨምሬ እሳቱን እቀንሳለሁ፣ እንፋሎት ሲጀምር፣ አረፋ ሳይመጣ፣ አወርደዋለሁ። ለአንድ ጠርሙስ አራት አምስት ፍሬ ቅርንፉድ ይበቃል፣ የብርቱካኑን ነጩን ክፍል አትጨምሩ ይመርራል። ወይኑ ርካሽ፣ ፍሬያማና በርሜል ያላየ ይሁን።

የተረፈ ወይን ፍሪጅ ይግባ፣ ቀዩም ጭምር። ሶስት አራት ቀን ይሄዳል፣ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጣችሁ እስከ አፉ ብትሞሉት ደሞ የበለጠ። ቀስ ብሎ ለሚጠጣ ታውኒ ፖርት የሚባለውን እመክራለሁ፣ ገና ሲቦካ የወይን አረቄ ስለሚጨመርበት ስኳሩ ሳያልቅ እርሾው ይሞታል፣ አልኮሉ 20 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ ከተከፈተ በኋላም ሳምንታት ይቆያል። ትንሽ ብርጭቆ፣ ለውዝ፣ ብርድ ልብስ።

መጠኑን ግን እወቁት። 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 14 ፐርሰንት ከሆነ ውስጡ 105 ሚሊ ንፁህ አልኮል አለ፣ ቀላል አይደለም። እኛ ለመቅመስ 50 ሚሊ ነው ምንቀዳው፣ አራት ጠርሙስ ሲከፈት እንተፋለን፣ መጀመሪያ አፍረን ነበር አሁን የራሳችን የመትፊያ ኩባያ አለን። ወይን ያሞቃል ሚባለውም ቆዳ ላይ ነው፣ የደም ስሮች ሰፍተው ሙቀቱ ወደ ውጪ ይወጣል እንጂ የውስጥ ሰውነት እንደውም ይቀዘቅዛል፣ ጠጥታችሁ ጃኬት ጥላችሁ ብርድ ውስጥ እንዳትወጡ።

ትምህርት ቤት ልግባ ወይ ብለው ሚጠይቁኝ አሉ። በፈረንጆቹ 1969 ለንደን የተመሰረተው ደብሊዩ ኤስ ኢ ቲ የሚባለው የወይን ትምህርት ተቋም በብዙ አገር ኮርስ ይሰጣል፣ በኦንላይንም አለ፣ ሌቭል አንድ ፈተናው 30 የምርጫ ጥያቄ ብቻ ነው፣ አያስፈራም። እኔ በሁለተኛው አመት ወሰድኩት። የጠቀመኝ ሰርተፍኬቱ አይደለም፣ አቀማመስ ላይ ያለው ስርአት ነው፣ ጣፋጭነት፣ አሲድ፣ ታኒን፣ አልኮል፣ ውፍረት፣ ሁሌ በዛው ቅደም ተከተል፣ ዝቅተኛ መካከለኛ ከፍተኛ እያሉ መፃፍ። ግን መጀመሪያ አንድ ብርድ ሙሉ ጥንድ ጥንዱን ቅመሱ፣ ከዛ በኋላም ካልሰለቻችሁ ክፈሉ፣ እኔ ቀጥታ ብገባ ኖሮ ግማሹን ቃል ሳይገባኝ ሸምድጄ እወጣ ነበር።

ትናንት ማታ ሁለት ካልሲ ነበር። የመጀመሪያውን ሳልጨነቅ ሪዮሃ አልኩ፣ ቫኒላው በግልፅ አለ፣ ክሪያንሳ ነው ብዬ ደብተሬ ላይ በእስኪርቢቶ ፃፍኩ። እህቴ ካልሲውን ስትገፈው ፖርቹጋል ነው። ሁለተኛውን ገና አላወለቅነውም፣ ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ የግራ እግር ካልሲዬን እንደለበሰ።